የምስል አደራደርና የካፋ ገጽታ

ሥዕል ከሠዓሊው እጅ ከወጣ በኋላ ሁለተኛ ሕይወቱን ይጀምራል። በየትኛው ግድግዳ ላይ፣ በምን ያህል ከፍታ፣ ከየትኛው ሥዕል ጎን፣ በምን ዓይነት ብርሃን ይሰቀል? እነዚህ ጥያቄዎች ለአናጢና ለመብራት ሠራተኛ ብቻ የሚተዉ አይደሉም። የሥዕሉ ትርጉም ከፊሉ የሚወሰነው በእነርሱ ነውና። ስለዚህ በሥነ-ጥበብ ሂስ ውስጥ ስለ ይዘትና ስለ ቅርፅ በተነሣ ቁጥር ስለ አደራደርም አብሮ ሊነሣ ይገባል።

ዛሬ ግድግዳው ከእጅ መዳፍ የማይሰፋ እየሆነ መጥቷል። የዐውደ ርዕይ አዳራሽ በሌለባቸው ከተሞች የሚኖረው ሠፊ ሕዝብ ሥዕልንና ፎቶግራፍን የሚያየው በአብዛኛው በእጅ ስልኩ መስተዋት ላይ ነው። የሥነ-ጥበብ ድረ ገጽ የሚያሰናዳ ሰው እንግዲህ ወደደም ጠላም የአዳራሽ ኃላፊ ሆኗል። ይሁንና ብዙውን ጊዜ ይህ ሰው ምስሎቹን የሚደረድረው አስቦበት አይደለም። አስቀድሞ የተዘጋጀ አንድ ቅጽ ይወስዳል፤ ምስሎቹንም በየቀዳዳው ይከታል። ቅጹ ምን ዓይነት ሥዕል ታስቦ እንደተሠራና ለማን ዐይን እንደተሠራ አይጠየቅም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በካፋ ዞንና በርእሰ ከተማው በቦንጋ ምሳሌነት መመርመር ነው። ካፋን የመረጥነው የአደራደር ስሕተት እዚያ ከሌላው ሥፍራ ይልቅ ብዙ የሚያሳጣ በመሆኑ ነው።

የካፋ ምስል በማን እጅ ቆየ?

የካፋ መንግሥት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የተመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ባካሄደው ዘመቻ ወድቆ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ የተማረኩት በ1890 ዓ.ም መባቻ ነበር። የመንግሥቱ ምልክት የነበረው ዘውድ ተማርኮ ከሄደ በኋላ በስዊሱ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ወደ ስዊዘርላንድ ተሻገረ። ለኢትዮጵያ የተመለሰውም እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። መንግሥቱ በወደቀ በጥቂት ዓመታት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1905 እና በ1909፣ ፍሪድሪሕ ዩሊየስ ቢበር የተባለ ኦስትሪያዊ አገሩን ጎበኘ። ዕቃ ሰበሰበ፣ ፎቶግራፍ አነሣ፣ እ.ኤ.አ. በ1920 እና በ1923 በሁለት ቅጽ የታተመ ሠፊ መጽሐፍም ጻፈ። የሰበሰበው ቅርስ ዛሬም በቪየና ይገኛል።

የቢበርን ድካም መናቅ አይገባም። እርሱ ባይመዘግበው ኖሮ ጠፍቶ የሚቀር ብዙ ነገር ነበር። ነገር ግን አንድ እውነት መጨበጥ ያስፈልጋል። የካፋ ሕዝብ በፎቶግራፍ ዘመን ያገኛቸው የመጀመሪያዎቹ ምስሎች የተነሡትም የተደረደሩትም በሌላ እጅና ለሌላ ተመልካች ነው። የዚያ ዘመን የአውሮፓ የብሔረሰብ ጥናት ልማድ ደግሞ የታወቀ ነው። ሰውን ከፊትና ከጎን አንሥቶ ስሙን ትቶ «የእገሌ ነገድ ወንድ»፣ «የእገሌ ነገድ ሴት» እያለ በተርታ ይደረድር ነበር። የአደራደሩ ትርጉም ግልጽ ነው። ተመልካቹ አዋቂ ነው፤ የሚታየው ናሙና ነው።

ዛሬ ይህን ልማድ በቃል የሚደግፍ የባህል ሠራተኛ የለም። ሆኖም ስም የሌላቸውን ፊቶች በእኩል አራት ማዕዘን ቆርጦ በተርታ የሚያቀርብ ድረ ገጽ ሳያውቀው ወደዚያው ይመለሳል። የቦንጋ ተማሪ የአያቱን አገር በስልኩ ላይ ሲፈልግ የሚያገኘው እንደዚህ ያለ ገጽ ከሆነ ጉዳቱ የውበት ጉዳት ብቻ አይደለም። ራሱን በባዕድ ዐይን ማየትን ይማራል።

አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በጠረጴዛ ላይ አሥራ ሁለት ፎቶግራፎች እንደዘረጋን እናስብ። በማንኪራ ደን በትላልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የበቀለ የቡና ዛፍ፤ ቀይ ፍሬ የሚለቅም እጅ፤ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና፤ ጀበና የምታበጅ ሸክላ ሠሪ፤ የማገዶ እንጨት የተሸከመ ሰው፤ ቡና የሚቆላበት ምጣድ፤ ቡና የምትቀዳ ሴት፤ ከረጅም ዛፍ ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎ፤ እንሰት የምትፍቅ እናት፤ የቀርከሃ አጥር፤ ጦር የያዙ የአንድ አረጋዊ የቆየ ፎቶግራፍ፤ በመጨረሻም የታቶዎቹ ዘውድ። እነዚህን በድረ ገጽ ላይ ለመደርደር በተለምዶ ሦስት መንገዶች ይቀርባሉ።

የመጀመሪያው እኩል ፍርግርግ ነው። ሁሉም ምስል እኩል አራት ማዕዘን ይሆናል። ንጹሕ ይመስላል፤ ለሠሪውም ቀላል ነው። ነገር ግን ሒሳቡ ይሠራ። ወርዱና ቁመቱ ሦስት ለሁለት የሆነ ፎቶግራፍ እኩል አራት ማዕዘን ሲደረግ አንድ ሦስተኛው ተቆርጦ ይጣላል። ዐሥራ ስድስት ለዘጠኝ የሆነው ደግሞ ከመቶ 44 ያህሉን ያጣል። በረጅሙ ዛፍ ላይ የተሰቀለው ቀፎ በዚህ መልክ ሲከረከም ወይ ቀፎው ይቀራል ወይ ግንዱ ይቀራል። ሁለቱ አብረው ካልታዩ ግን ማር ቆራጩ የሚወጣው ከፍታ፣ ማለትም የፎቶግራፉ ጉዳይ፣ አብሮ ይጠፋል። ከዚህም በላይ ከጣት ጫፍ የማይበልጠው የቡና ፍሬና ሰማይ የሚነካው ደን በአንድ መጠን ይቀርባሉ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። «እኩል ፍርግርግ ማንንም አያስበልጥም፤ ዘውዱንና ምጣዱን በአንድ ዐይን ያያል፤ ስለዚህ ለሕዝብ የሚስማማው እርሱ ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ለነገሥታት ሠፊ ገጽ፣ ለሠራተኛው ጠባብ ጥግ የሚሰጥ አደራደር ሞልቶ ነበርና። ነገር ግን እኩል መጠን እኩልነት አይደለም። ዘውዱ ከንጉሡ ታሪክ፣ ምጣዱ ከቆይዋ ሴት ተነጥለው በአንድ ዓይነት ሣጥን ውስጥ ሲቀመጡ ሁለቱም እኩል ድዳ ሆኑ እንጂ እኩል አልተከበሩም። እኩልነት የሚገኘው እያንዳንዱ ምስል የሚናገረውን ለመናገር የሚበቃው ሥፍራ ሲያገኝ ነው።

ሁለተኛው መንገድ እንደ ድንጋይ ካብ ነው። ምስሎቹ ሳይቆረጡ ትልቁም ትንሹም በየአምዱ ይካባሉ። ከመጀመሪያው ይሻላል፤ የምስሉን አካል አያጎድልምና። ድክመቱ ቅደም ተከተልን አለመጠበቁ ነው። ቀጣዩን ምስል የትኛው አምድ ላይ እንደሚያሳርፍ የሚወስነው የቦታ ክፍተት እንጂ አሳብ አይደለም። በዚህም የተነሣ የተቀዳው ቡና ከለቀማው በፊት፣ ጀበናው ከሸክላ ሠሪዋ በፊት ሊገኝ ይችላል። ተራ ለማያሻቸው ሥራዎች፣ ለምሳሌ ለአንድ ሠዓሊ የንድፍ ስብስብ፣ ካብ ተስማሚ ነው። ሂደትን ለሚተርኩ ፎቶግራፎች ግን አይበጅም።

ሦስተኛው ተፈራራቂ ትርኢት ነው። አንድ ትልቅ ምስል ይታይና ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ ለሌላው ሥፍራ ይለቃል። አንዱን ያጎላል፤ አሥራ አንዱን ይደብቃል። መግለጫውን ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይጨርስ ምስሉ ያልፍበታል። በተግባር ተመልካቹ ይዞ የሚሄደው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ምስሎች ስለሆነ ሠሪው ከፊት ያስቀደመው ምስል የአገሩ ገጽታ ሆኖ ይቀራል። በካፋ ጉዳይ ይህ ምስል ዘወትር ማለት ይቻላል የተቀዳ ቡና ነው። ሸክላ ሠሪዋና እንጨት ተሸካሚው ከኋላ ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ፤ ተራቸው ሳይደርስም ተመልካቹ ይሄዳል።

ከቅርሳችን የሚገኝ ትምህርት

እነዚህ ቅጾች አዲስ ቢመስሉም የአደራደር ጥያቄ ለአገራችን ሥነ-ጥበብ አዲስ አይደለም። ስለ ንግሥተ ሳባና ስለ ንጉሥ ሰሎሞን የሚተርከውን የሕዝብ ሥዕል እንመልከት። ሸራው በትናንሽ ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ ብዙ ጊዜም 44 ናቸው። ከሩቅ ሲታይ ፍርግርግ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጽሑፍ አለው፤ ዐይንም እንደ ንባብ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች ይጓዛል። ከመካከል አንዱን ክፍል ቢያወጡት ታሪኩ ይጎድላል። እዚህ ፍርግርጉ የተመረጠው ትረካው ስለጠየቀው ነው።

ክታብም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በብራና የሚጻፈው ጥቅልል ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር። ጽሑፍና ሥዕል እየተፈራረቁ ከላይ ወደ ታች ይወርዳሉ። ዛሬ ስልክ በጣት ወደ ታች እየተገፋ የሚታየው ረጅም ገጽ ከዚህ ቅርፅ ብዙ አይርቅም። ሰንሱል የሚባለው እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍ ብራና ደግሞ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ወይም ተዘርግቶ ሁሉንም በአንድነት ያሳያል። የሚገልጠው ባለቤቱ ነው፤ ፍጥነቱም በእጁ ነው። ራሱ ከሚፈራረቀው ትርኢት የሚለየውም በዚሁ ነው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳም ሥዕሎች በዘፈቀደ አይቀመጡም። ሰይፍ የመዘዙ ሊቃነ መላእክት በመቅደሱ በር ላይ የሚሣሉት በሩን እንዲጠብቁ ነው።

በዘመናዊው ሥነ-ጥበባችንም የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ የመስተዋት ሥራ ምሳሌ ይሆናል። ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋው ይህ ሥራ ሦስት ክፍሎች ያሉት ሲሆን ስለ አፍሪካ ያለፈ ዘመን፣ ስለ ትግሏና ስለ ነገ ተስፋዋ ይናገራል። ከሦስቱ አንዱን ብቻ ቆርጦ የሚያቀርብ ገጽ ሥራውን አሳንሶ አቀረበ ብቻ አይባልም፤ አሳቡን አፈረሰ እንጂ።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክታብም ሆነ ሰንሱል በዋናነት የሰሜኑ የክርስትና ሥልጣኔ ፍሬዎች ናቸው። እነርሱን አንሥቶ በካፋ ላይ መጫን የውጭውን ቅጽ በሌላ ቅጽ መተካት ይሆናል። የካፋ ሥነ-ጥበብ ከብራና ይልቅ በሸክላ፣ በቀርከሃ፣ በእንጨት፣ በብረትና በቃል የኖረ ነው። ከቅርሳችን መውሰድ ያለብን መልኩን ሳይሆን መርሑን ነው። መርሑም አደራደር ከሥራው ባሕርይና ከተመልካቹ ሁኔታ መወለድ አለበት የሚል ነው።

መዝገብና ዐውደ ርዕይ

ስለ ኢትዮጵያ ሥነ-ጥበብ በድረ ገጽ ከተከናወኑት ሥራዎች መካከል ማይክል ጀርቨርስና ኤቫ ባሊስካ-ቪታኮቭስካ በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት «መዝገበ ሥዕላት» ከፍ ያለ ግምት ሊሰጠው ይገባል። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፎቶግራፎችን የያዘ ሲሆን ሥዕሉ የተገኘበትን ሥፍራ እየለየ ያስቀምጣል። ለተመራማሪ ይህን የሚያህል ስንቅ የለም። ይሁን እንጂ መዝገብ ጠይቀው ለሚመጡ ሰዎች የተሠራ ነው። የሚፈልገውን ለይቶ ለማያውቅ፣ ለመጎብኘት ብቻ ለመጣ ሰው አይመራም። ለመጠየቅም የውጭ ቋንቋ ማወቅን ይሻል። ይህ የመዝገቡ ጥፋት አይደለም፤ ሥራው መመዝገብ ነውና። ስሕተት የሚሆነው የዐውደ ርዕይን ሥራ ከመዝገብ ስንጠብቅ ወይም ዐውደ ርዕይ ብለን መዝገብ ስንሠራ ነው።

ከዚህ አኳያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የተከተለው መንገድ ትልቅ ትምህርት አለው። ሙዚየሙ የብሔረሰቦችን ቅርስ በየነገዱ ከፋፍሎ በማስቀመጥ ፈንታ በሰው ልጅ የሕይወት ጉዞ ደረደረው። በልጅነት ይጀምራል፤ በጉልምስና ያልፋል፤ በሞትና ከሞት በኋላ ባለው እምነት ይደመድማል። በዚህ አደራደር የአንዱ ብሔረሰብ ዕቃ ከሌላው ዕቃ ጎን የሚቆመው ለአንድ የሰው ልጅ ጥያቄ የተሰጠ ሌላ መልስ ሆኖ ነው። ማንም የማንም ናሙና አይሆንም። ዕቃዎቹ የነበሩት ናቸው፤ የተለወጠው ሥፍራቸው ብቻ ነው፤ ነገር ግን ትርጉማቸው ተለወጠ።

ለቦንጋ የሚበጀው

እንግዲህ ወደ አሥራ ሁለቱ ፎቶግራፎች እንመለስ። በእኛ አስተያየት እነዚህ በአንድ ቅጽ መደርደር የለባቸውም፤ ሦስት ዓይነት ናቸውና።

ከደኑ እስከ ስኒው ያሉት ሰባቱ የሥራ ሂደትን ይናገራሉ። ስለዚህ በአንድ አምድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሳይቆረጡ፣ በተራቸው ይቀመጡ። ዐይን በእነርሱ ሲወርድ የቡናን መንገድ አብሮ ይሄዳል። ቀፎው፣ እንሰቱና የቀርከሃው አጥር በየራሳቸው የቆሙ የኑሮ ገጾች ስለሆኑ ሳይከረከሙ በካብ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ፊተኛና ኋለኛ የለምና። የአረጋዊው የቆየ ፎቶግራፍና ዘውዱ ግን እያንዳንዳቸው ሙሉ ገጽ ይሻሉ። ዘውዱ ለብቻው ተቆርጦ በነጭ መደብ ላይ ሲቀመጥ ጌጥ ይመስላል። ወደ ስዊዘርላንድ የሄደበትና የተመለሰበት ታሪክ ከጎኑ ሲጻፍ ግን የአንድ ሕዝብ የታሪክ ሰነድ ይሆናል።

በሰባቱ መካከል ለእንጨት ተሸካሚው የሚሰጠው ሥፍራ የአደራደራችን ዋና ፈተና ነው። በካፋ ማንጆ በሚል ስም የሚታወቀው ማኅበረሰብ አደን፣ ማገዶና ከሰል ኑሮው ሆኖ ለረጅም ዘመን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጥ ተከልክሎ ኖሯል። የዚህን ማኅበረሰብ አባላት ፎቶግራፍ ለብቻው «የማንጆ ሰዎች» በሚል ርእስ በአንድ ጥግ የሚያስቀምጥ ገጽ በማዕድ የነበረውን ክልከላ በስልክ መስተዋት ላይ ይደግመዋል። በቡናው ሂደት ውስጥ፣ በሸክላ ሠሪዋና በምጣዱ መካከል ቢቆም ግን እውነቱ ይታያል። ያለ እርሱ እንጨት ምጣዱ አይሞቅም፤ ቡናውም አይቆላም። ይህን ለማድረግ አንድም አዲስ ፎቶግራፍ ማንሣት አያስፈልግም፤ ቦታ መለወጥ ይበቃል። የአደራደር ኃይል ማለት ይህ ነው።

ከሥፍራ ቀጥሎ ስም ይመጣል። የተነሣው ሰው ከፈቀደ ስሙ፣ ካልፈቀደም ሥራውና መንደሩ ይጻፍ። ፈቃድ ያልተጠየቀበት ፊት ባይወጣ ይሻላል። መግለጫው በካፊ ኖኖና በአማርኛ መሆን ይገባዋል። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ገጹን የሚነድፍ ሰው ለሁለቱም የሚበቃ ሥፍራ ከመጀመሪያው ሊያስብ ያስፈልጋል። በምስሉ ላይ ተደርቦ የሚወጣ፣ ጣት ካልነካው የማይታይ መግለጫ ለዚህ አይበቃም። ዕቃውን የሠራው ሕዝብ ለዕቃው የሰጠው ስም በግልጽ ከሥሩ ይታይ።

በመጨረሻም ክብደት የሚባል ነገር አለ። በዛሬ ስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ በቀላሉ 4 ሜጋባይት ይሆናል፤ አሥራ ሁለቱ 48 ሜጋባይት ናቸው። ከአዲስ አበባ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በቦንጋ፣ ይልቁንም በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች፣ በአነስተኛ የኢንተርኔት ጥቅል ይህን ገጽ ለመክፈት የሚሞክር ተማሪ ግማሹ ሳይመጣለት ይዘጋዋል። ምስሎቹ ለስልክ በሚበቃ መጠን ተቀንሰው እያንዳንዳቸው ወደ 200 ኪሎባይት ቢደርሱ ግን ጠቅላላው ከ2 ሜጋባይት ተኩል አይበልጥም። ትልቁ ምስል ሲነኩት ብቻ ይምጣ። የአዲስ አበባና የቪየና ተመልካች ብቻ ሊከፍተው የሚችል የካፋ ዐውደ ርዕይ የቢበርን ዘመን አደራደር ከመድገም አያልፍም።

ለዚህ ሥራ የሚሆን መሠረት በቦንጋ አለ። ብሔራዊ የቡና ሙዚየም እዚያው ይገኛል። የካፋ ደን እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ዩኒቨርሲቲና የመምህራን ኮሌጅም አሉ። ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ቦንጋ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ማዕከላት አንዷ ናት። የሚቀረው ምስሎቹን የሚያውቁ ሰዎች፣ ማለትም ሸክላ ሠሪዋ፣ ማር ቆራጩ፣ አረጋውያኑና መምህራኑ፣ ከነዳፊው ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው «የትኛው ይቅደም? ከማን ጎን ይሁን?» ብለው እንዲከራከሩ ማድረግ ነው። ክርክሩ ረጅም ቢሆን አያስጨንቅ።

የባህል ሠራተኛው፣ መምህሩና ሠዓሊው ለሕዝብ የሚቀርብ ገጽ በተዘጋጀ ቁጥር ሊጠይቁት የሚገባ ጥያቄ ቀላል ነው። በዚህ ገጽ ላይ የተነሣው ሰው ራሱ ገጹን ቢከፍተው ሥፍራውን ያገኛልን? መልሱ አሉታ ከሆነ ምስሎቹ ምንም ቢያምሩ አደራደሩ እንደገና መጀመር አለበት።